ያልተነካው መስተዋት

ጋሽ ደምሴ መሞታቸውን የነገረኝ ከአሊዩ አምባ በርበሬ ጭኖ የወጣ መሐመድ የሚባል ነጋዴ ነው። የአህያውን ጭነት እያጠበቀ፣ ፊቱን እንኳ ወደ እኔ ሳያዞር፣ “ያ የአንኮበሩ ፎቶ አንሺ አለፈ እኮ፣ ሁለት ወር ሆነው፤ አላህ ይማረው” አለኝና ገመዱን መጎተት ቀጠለ። ምን ሆኖ አላልኩትም። ቆሜ የበርበሬውን ከረጢት አየሁ።

በዚያ ሳምንት የደብረ ብርሃን ሰው ሁሉ ሬዲዮ ያለበትን ቤት ሞልቶታል። ሰው ጨረቃ ላይ ወረደ ይባላል። የሚያጨበጭብ አለ፣ የሚያማትብ አለ፣ ውሸት ነው ብሎ የሚወራረድ አለ። እኔ ስለ ጨረቃ ሲወራ ከአጠገቡ አልቆምም። ለምን እንደማልቆም ልጻፍ። ፊደል የቆጠርኩት ጢሜ ሽበት ሲጀምር ነውና እጄ አይፈጥንም። የሚቸኩል ሰው ሌላ ያንብብ።

የጋሽ ደምሴ ፎቶግራፍ ቤት አንዲት ክፍል ነበረች። በሯ ሰማያዊ፣ የጓዳዋ መስኮት በጥቁር ጨርቅ የተደፈነ። አጭር ሰው ናቸው። ጣቶቻቸው ፎቶ በሚያጥቡበት መድኃኒት ጠቁረው ጥፍራቸው ቡና የነከሩት ይመስላል። የአንኮበር ልጅ ሆነው፣ ደብረ ብርሃን እየኖሩ፣ ብርድን እንደ ሰው ይሰድቡታል። ሁለት ካፖርት ደርበው በሩ ላይ ይቆሙና “ዛሬ ደግሞ ይኸ ባለጌ መጣ” ይላሉ፤ እኔ መጀመሪያ ሰሞን ማን መጣ ብዬ ዞሬ አይ ነበር።

አባታቸው አንኮበር ውስጥ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል የሚሠሩ ቄስ ነበሩ። ያረጀ ሥዕል አድሱ ሲባሉ ካደሱ በኋላ ከሥሩ በትንሹ ይጽፋሉ አሉ፦ ቀድሞ የሳለው እገሌ፣ ያደስኩት እኔ፣ እጁን ጨምሬያለሁ፣ ክንፉን አልነካሁም። ልጃቸው ከብሩሽ ወደ ካሜራ ቢዞሩም ይኸን አመል ይዘው መጡ። አንድ ሰው ሊነሣ ሲመጣ ሁለት መስተዋት ነው የሚያወጡለት። የዚያን ጊዜ የፎቶው ነጋቲቭ በመስተዋት ላይ ነበር። አንዱን መስተዋት እንደወጣ በወረቀት ጠቅልለው ያስቀምጡታል፤ ማንም አይነካውም። ሁለተኛውን አጉሊ መነጽር ዓይናቸው ላይ ደቅነው፣ በምላጭ ጫፍ፣ በሹል እርሳስና በቀጭን ብሩሽ ያቃኑታል። የፈንጣጣ ጠባሳ ያነሣሉ፣ የጎበጠ ኮሌታ ያስተካክላሉ፣ የጠፋ ቅንድብ ይመልሳሉ። በመጨረሻ የታጠበውን ወረቀት ገልብጠው፣ ምን እንዳነሡና ምን እንደጨመሩ ከጀርባው ይጽፋሉ።

ገበያቸውን የገደለው ይኸ ነው። አንዲት የእነዋሪ ሙሽራ ነበረች፤ ፊቷን እንደ ወተት አድርገው ሠሩላት። ሰርጉ ላይ ፎቶው ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የባሏ እናት እጅ ገባ። ሴትዮዋ የቄስ ልጅ ናትና ማንበብ ትችላለች፤ ገልብጣ ጮክ ብላ አነበበችው፦ ከግራ ጉንጯ አሥራ አንድ ጠባሳ አንስቻለሁ። የሙሽራዋ ወንድሞች በማግስቱ ዱላ ይዘው ሰማያዊው በር ላይ ተሰለፉ። ጋሽ ደምሴ ወጥተው፣ “ማሳመሩን አሳምራለሁ፤ ያሳመርኩትን ግን አልክድም። ከፈለጋችሁ ጠባሳዋን ልመልስላችሁ፣ ያልተነካው አለኝ” አሏቸው። ወንድሞቿ ሲስቁ ዱላው ቀረ። ደንበኛው ግን አብሮ ቀረ።

እኔ ያወቅኋቸው ከመዘዞ መጥቼ የአንድ አዳራሽ ዘበኛ ሆኜ ስቀጠር ነው። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጽፍም። ለመታወቂያዬ ፎቶ ተነሣ ተባልኩ፤ ጸሐፊው ደግሞ ግንባሬን አይቶ፣ “ይኸን ጠባሳ አስጠፋው፣ ሽፍታ ቀጠሩ እንዳንባል” አለኝ። ጠባሳው ወንድሜ በበትር የተወልኝ ነው። ጋሽ ደምሴ ጠባሳውን አነሡልኝ። ሁለት ፎቶ ሰጡኝና አንዱን ገልብጠው ጽፈው፣ “አንብበው” አሉኝ። እኔም ዓይኔን በጽሑፉ ላይ ሄድ መለስ አደረግኩና “እሺ” ብዬ ኪሴ ከተትኩት። አለመቻሌን አውቀዋል። አንዱ ፎቶ መታወቂያዬ ላይ ተለጠፈ፣ ጽሑፍ ያለበቱ ደግሞ ሣጥኔ ውስጥ ገባ።

ከዚያ ወዲህ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ያስቀምጡኛል። ወሬ ስለማላበዛ ይወዱኝ ነበር መሰለኝ። ሲሠሩ አያለሁ። “አየህ በቀለ፣ ብሩሽ የገባበት ቦታ ይተኛል፤ ያልተነካው ቦታ ግን ይተነፍሳል” ይሉኝና መነጽሩን ያቀብሉኛል። መጀመሪያ ምንም አይታየኝም ነበር። በኋላ ግን ይታየኝ ጀመር።

ሰው ጨረቃ ላይ ሊወርድ ሁለት ሦስት ዓመት ሲቀረው ነው፤ ወደ አዳራሻችን የጨረቃ ፎቶግራፎች መጡ። በባዕድ አገር ያለ የጠፈር መሥሪያ ቤት ሰው የሌለበት መንኮራኩር ልኮ ያነሣቸው ናቸው ተባለ። አንዳንዱ የበር ስፋት አለው፤ በሣንቃ ላይ ተለጥፈው ግድግዳ ዙሪያውን ተደረደሩ። ከአዲስ አበባ ክራቫት ያሠረ አስረጂ ወጣት አብሮ መጣ። ሰው ከየገጠሩ ጎረፈ። አንዷ በርኖስ ሸማኔ ረጅም ጊዜ አይታ፣ ይኸማ የእኛ የድንጋይ ሜዳ ነው፣ በግ ብቻ ነው የጎደለው አለች።

ማለዳ ማለዳ ሥዕሎቹን በደረቅ ጨርቅ የምጠርግ እኔ ነበርኩ። በመጀመሪያው ቀን በትልቁ ሥዕል ላይ፣ ከአንዱ ጉድጓድ ጠርዝ አጠገብ፣ የመዳፍ ግማሽ የሚያህል ግራጫ ጉድፍ አየሁ። አቧራ መስሎኝ ጠረግኩት። አልለቀቀም። በምራቄ አርጥቤ ጠረግኩት። አልለቀቀም። ያን ዕለት ከሥራ ስወጣ፣ እንደ ቀልድ፣ ጨረቃዋ ላይ ያለ ጉድፍ እምቢ አለኝ ብዬ ለጋሽ ደምሴ ነገርኳቸው። የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ይኸን የሚያውቅ ሰው የለም።

በማግስቱ መነጽራቸውን ይዘው መጡ። አፍንጫቸው ሥዕሉን ሊነካ እስኪደርስ ተጠግተው ቆሙ፤ ከኋላ ያለው ሰው ማጉረምረም እስኪጀምር። ከዚያ አስረጂውን ጠሩት። ሥዕሉ ላይ ከዳር እስከ ዳር የተሰመሩ ቀጫጭን መስመሮች ነበሩ፤ አስረጂው ፎቶው በሬዲዮ ቁራጭ ቁራጭ ሆኖ ስለመጣ የመጋጠሚያው ምልክት ነው አላቸው። ጋሽ ደምሴ ተቀበሉት። “ታዲያ” አሉ፣ “መስመሩ እዚህ ጋ ሲደርስ ለምን ይጠፋል? ከጉድፉ ማዶ ደግሞ ይቀጥላል። ሬዲዮው እዚህች ላይ አረፈ?” ወጣቱ ሳቀ። የሕትመት ስህተት ይሆናል አለ። እሳቸው አልሳቁም። “ይኸ ብሩሽ ነው ልጄ። እኔ በዚህ ነው እንጀራ የምበላው። እዚህ ቦታ የነበረ ነገር ተነሥቷል።”

ይኸን የሰሙ ሰዎች ለሌላው አወሩ። እስከ ማምሻው ከተማው በሙሉ ስለ ጉድፉ ያወራል። አንዱ የመልአክ ማረፊያ ነው ይላል። አንዱ እዚያ የሚኖሩ ፍጥረቶች ከተማቸው ተደብቆ ነው ይላል። የጠጅ ቤቱ ቀልደኛ ደግሞ፣ ጎጆ ነው፣ ግብር እንዳይጠየቅበት ባለቤቱ አስጠፍቶት ነው አለ። ጋሽ ደምሴ ምን ነበር ተብለው ሲጠየቁ አላውቅም ነው መልሳቸው። ድንጋይም ሊሆን ይችላል፣ የመድኃኒት ጠብታም ሊሆን ይችላል፣ የሚኖር ነገርም ሊሆን ይችላል። የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ያልተነካውን ማየት። “እኔ ድሃው ሁለት መስተዋት ካወጣሁ እነሱ አንድ ብቻ አይኖራቸውም” ይላሉ። ይኸንኑ በጥሩ እጅ ጽሑፍ ጽፈው፣ ለጠፈር መሥሪያ ቤቱ ላክልኝ ብለው ለአስረጂው ሰጡት። አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው። መልስ መጥቶ አያውቅም።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ የውጭ እንግዶች ሊጎበኙ ነበር። አዳራሹ ለምሳ ተዘግቶ እኔ ብቻዬን በሩ ላይ ሳለሁ ጋሽ ደምሴ መጡ። እርጥብ ጨርቅና ያችን ቀጭን ምላጫቸውን ይዘዋል። የሥዕሉን ጠርዝ ብቻ ላላቀው፣ ጀርባውን አይቼ መልሼ ልለጥፈው፣ ክፈትልኝ አሉኝ።

“ጀርባው ላይ ምን አለ ጋሼ?”

“ያነሣ ሰው ያነሣውን ይጽፋል።”

“ሁሉም እንደ እርስዎ ይመስልዎታል?”

“ሙያው አንድ ነው” አሉኝ። ከልባቸው ነው። ዓለም ላይ ያለ ፎቶ አንሺ ሁሉ የአንኮበርን ቄስ አመል የተማረ ይመስላቸው ነበር።

ከፈትኩላቸው። ሙጫው ጠንካራ ነበር፤ ወረቀቱ ከጠርዙ አንድ ስንዝር ያህል ተላቀቀ፣ ከዚያ ተቀደደ። ጀርባው ላይ የሙጫ ቅሪትና አንድ የማኅተም ቁጥር እንጂ ሌላ የለም። ጋሽ ደምሴ የተቀደደውን ወረቀት በሁለት ጣታቸው እንደያዙ ቆሙ። ፊታቸው ሲለወጥ አየሁት፤ ሲያረጁ አየሁት ብል ይሻላል። ጸሐፊው ከምሳ የገባው ያኔ ነው።

የመሥሪያ ቤታችን ኃላፊ እንግዶቹ ፊት ስሙ ሊጠፋ ሆነ። የተቀደደ ሥዕል አለ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ሰው የሚያወራለት ጉድፍ አለ፣ ለሁለቱም አንድ ጥፋተኛ ተፈለገ። ጸሐፊው ጠርቶኝ ያየኸውን ተናገር አለኝ። ተናገርኩ፦ ጉድፉን በመጀመሪያው ቀን አየሁት፣ ጠረግኩት፣ አልለቅ አለ፣ ዛሬ ጋሽ ደምሴ ጀርባውን ለማየት ጠርዙን አላቀቁ። እሱ ይጽፋል። ሲጨርስ ቀለሙን አቀረበልኝና አውራ ጣቴን ይዞ ወረቀቱ ላይ ተጫነው። አላነበበልኝም። አንብብልኝ አላልኩትም።

በማግስቱ ሁላችንም ኃላፊው ቢሮ ተጠራን። ጸሐፊው የእኔን ቃል አነበበ። በእኔ ቃል ውስጥ ጋሽ ደምሴ በምላጫቸው ሥዕሉን ሲፍቁ ተገኝተዋል፤ ጉድፉን የሠሩት እሳቸው ናቸው፤ እኔ ከዚያ ቀን በፊት ጉድፍ የሚባል አላየሁም። ጆሮዬን አላመንኩትም። ጋሽ ደምሴ ወንበር አልተሰጣቸውም፤ ሁለቱን ካፖርት ደርበው ቆመው ነበር። ወደ እኔ ዞሩ። አልተቆጡም።

“በቀለ፣ ጉድፉን ከእኔ በፊት አይተኸዋል?”

አፌን ስከፍት ኃላፊው አቋረጠኝ። “አንተ የምትጠየቀው ሌላ ነው። ይኸ ቃልህ ተነብቦልሃል ወይስ አልተነበበልህም?”

ይኸችን ጥያቄ በቀን አንድ ጊዜ ለራሴ እጠይቃለሁ። አልተነበበልኝም ብል አለቀ። ግን ያ ሁሉ የተማረ ሰው በቆመበት፣ ማንበብ አልችልም፣ አንብብልኝ ማለትም አፍሬያለሁ፣ ጸሐፊያችሁ ደግሞ ውሸታም ነው ብሎ መናገር ለእኔ ያኔ ሱሪ ከማውለቅ የባሰ ነበር።

“ተነብቦልኛል ጌታዬ” አልኩ።

ጋሽ ደምሴ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የተጠየቀው ዋጋ የማይቀነስ መሆኑን እንደተረዳ ሰው። “እንግዲያው የእሱ ጣት ነው” አሉ። “እኔ እዚህ ላይ የማቃናው የለኝም።”

አልታሠሩም። መታሠር ይሻል ነበር። ለመንግሥት ሥራ የሚሆን ፎቶ ከእሳቸው ዘንድ አይነሣ ተባለ። ሕዝቡ ደግሞ ፈጥኖ ተገለበጠ። ትናንት የመልአክ ማረፊያ ያለው ሁሉ ዛሬ፣ ለካ ራሱ ፍቆ ኖሯል፣ የኛን ፊት ሲፍቅ የኖረ ሰው ጨረቃን ይተዋል ወይ ይል ጀመር። የእነዋሪዋ ሙሽራ ወንድሞችም መጥተው ሳቁ፤ አሁን የእውነታቸውን። ሰማያዊው በር በሁለተኛው ወር ተዘጋ።

ከመዘጋቱ በፊት ጸሐፊው ዘንድ ሄጄ፣ ቃሌ እንዲህ አልነበረም፣ አስተካክልልኝ ብዬ ለምኜዋለሁ። ከወረቀቱ ቀና ሳይል፣ “ምነው፣ ጣትህን መልሰህ ልትወስድ ነው?” አለኝ። ቢሮው ውስጥ ያለው ሁሉ ሳቀ። ኃላፊው ዘንድ ሦስት ጊዜ ሄድኩ፤ ሦስቴም በሩን የምጠብቅለት ሰውዬ መሆኔን አስታውሶ ወደ በሬ መለሰኝ። ሥራውን ለምን አልለቀቅክም የሚለኝ አለ። አምስት ልጅ ነበረኝ። ይኸ መልስ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

ጋሽ ደምሴ ወደ አንኮበር የሄዱ ዕለት መስተዋቶቻቸው በሣጥን በሣጥን፣ በገለባ ተጠቅልለው ሁለት በቅሎ ተጭነው በአዳራሹ በር አለፉ። ልደበቅ ስል አዩኝ። ቆሙ። ይሰድቡኛል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር።

“ያ ፎቶህ አለ?” አሉኝ።

“አለ ጋሼ።”

“አትጣለው” አሉና ካፖርታቸውን እየሰበሰቡ በበቅሎዎቹ ኋላ ሄዱ።

እኔም የጎልማሶች ትምህርት ገባሁ። ለእውቀት ብዬ አይደለም። ጣቴን ጠልቼው ነው። ዓመት ከመንፈቅ ፈጀብኝ፤ ከልጆቼ ዕድሜ በታች ያለች አስተማሪ አለንጋ የማትይዝ ብትሆንም ምላሷ ይበቃ ነበር። ፊደሉ እሺ ሲለኝ የመጀመሪያ ሥራዬ ሣጥኔን መክፈት ሆነ። ፎቶዬን ገለበጥኩ። እንዲህ ይላል፦

“ከግንባሩ ላይ የበትር ጠባሳ አንስቻለሁ። እሱ አልጠየቀም፣ የጠየቁት የሚያሠሩት ናቸው። ያልተነካው መስተዋት እኔ ዘንድ አለ። ፊቱን ሲፈልግ ይምጣ።”

አንብቤ ስጨርስ ደግሜ አነበብኩት። በሚቀጥለው ሳምንት አንኮበር እሄዳለሁ አልኩ። ሄጄ ምን እላለሁ? ይቅር ይበሉኝ ነው የምለው። ከዚያስ? ዝናቡ ይለፍ አልኩ፣ አጨዳው ይለፍ አልኩ፣ ጾሙ ይፈታ አልኩ። አንድ ዓመት ሙሉ እንዲህ ስል መሐመድ በርበሬውን ይዞ መጣ።

ሞታቸውን ከሰማሁ በኋላ ሄድኩ። ሰነፍ ሰው ሁሌም የሚሄደው ከረፈደ ነው። እህታቸው እትዬ አስካለ ብቻቸውን ናቸው፤ ገደሉ አፋፍ ላይ ያለች ትንሽ ቤት። ማን እንደሆንኩ በትክክል አልነገርኳቸውም። የደብረ ብርሃን ወዳጃቸው ነኝ አልኩ፤ ውሸት ስናገር ደግሞ አይከብደኝም። ወንድማቸው ከመጡ ወዲህ ካሜራውን አንዴም እንዳልከፈቱት፣ የአባታቸውን ሥዕል ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ እያነበቡ ደጀ ሰላም ሲውሉ እንደነበር ነገሩኝ። ስለ ጨረቃ አንሥተው ያውቁ እንደሆነ ጠየቅኩ። አንድ ቀን ብቻ፣ ጨረቃ ሙሉ ሆና ስትወጣ፣ “ከዚህ ሆኖ ደህና ትመስላለች” አሉ አሉኝ።

ከዚያ ስለ መስተዋቶቹ ጠየቅኩ።

እትዬ አስካለ ደስ ብሏቸው ተነሡና ወደ ቆላ የሚያየውን መስኮት አሳዩኝ። ፊት የእንጨት መዝጊያ ብቻ ነበረው፤ አሁን አሥራ ሁለት ትናንሽ መስተዋት በአራት ረድፍ ተገጥሞበታል። የአንኮበር ነፋስ ከታች ሲነሣ ያፏጭበታል እንጂ አይገባም።

“ያ ሁሉ ሣጥን ሙሉ መስተዋት በከንቱ መቀመጡ ያሳዝነኝ ነበር፣ ልኩ የመስኮት ልክ” አሉኝ። “ግን የሰው መልክ አለበት። ፊቱ የገረጣ፣ ጥርሱ ጥቁር፣ ፀጉሩ ነጭ። ያስፈራል እኮ። በፈላ ውሃና በአመድ አጠብኩት፤ ድርቅ ያለውን በምላጭ ፋቅኩት። የተረፈውን ጎረቤት ተካፈለው። ምነው፣ የፈለግኸው ነበር?”

አንድ በአንድ አየኋቸው። ከላይ ጀመርኩ። በመጀመሪያው ውስጥ ሰማይ ነው ያለው፣ በሁለተኛውም ሰማይ፤ ታች ባሉት ቁልቁለቱ፣ ወደ አሊዩ አምባ የሚወርደው መንገድ፣ እንደ ጉንዳን የሚታዩ አህዮች። የእኔ ግንባር የነበረው የትኛው እንደሆነ የሚያውቅ የለም። የጨረቃዋ ሥዕል ላይ ጉድፉ ከጋሽ ደምሴ ምላጭ ሁለት ቀን በፊት ነበር። በምራቄ ባረጠብኩት ጨርቅ ጠርጌዋለሁ፣ አልለቀቀም። ከጉድፉ ሥር ምን እንደነበረ አላውቅም፤ እሳቸውም ሳያውቁ ሄዱ። ይኸን በራሴ እጅ ጽፌዋለሁ፤ የሚያነበው ሰው ከእንግዲህ የትኛውን ወረቀት እንደሚያምን ግን የእኔ ጉዳይ አይደለም።

እትዬ አስካለ በነጠላቸው ጫፍ አንዱን መስተዋት ወለወሉና፣ “አየኸው? አንድ ጉድፍ አታገኝበትም” አሉኝ።

“አላገኘሁም” አልኳቸው። “ጥሩ አድርገው ነው ያጠቡት እትዬ።”